ልብ ሳልል

አሥራ አንድ ክረምት፣ ኤድመንተን፣ ከማሽኑ ጎን ቆሜ፣
ስንቱን ልብ አስተኛሁ፣ ስንቱን አስነሣሁ፣ ደሙን ተሸክሜ!
ልብ ሳቆም ስኖር
ልብ ያልኩት አልነበር።

የኦሌና ልብ ግን፣ ያን ማክሰኞ ሌሊት፣
መቆንጠጫው ተነሥቶ ደሙ ሲገባለት፣
ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ እንደ ቂመኛ ዝም፤
ከዚያ፣ ማንም ሳይነካው፣ ድም።
ሐኪሙ «ጎሽ!» አለው፣ ደረቷን ሰፋና ሄደ፤
በአሳንሰሩ ስወርድ «ለምን?» አብሮኝ ወረደ።

ዛሬ ደመወዜ ግማሽ፣ አለቃዬ በዕድሜ ታናሼ፤
ባቄላ የሚያህል የአይጥ ልብ
ከመስታወት ቱቦ ጫፍ ሰቅዬ
ጨዋማ ውሃ እያጠጣሁ እቆጥራለሁ።
በር ላይ የሚጸልይ ዘመድ የለ፣
የሚድን የለ፤
ደብተሬ ላይ ብቻ፦
«ቆመ። ተነሣ።
ለምን እንደሆነ ገና።»