ስምንት ቁጥር

ኦውሉ ላይ፣ በረዶው ጉልበት በሚውጥበት፣
ቅጼን ይዤ ዞርኩኝ ከቤት ወደ ቤት፦
"ጎልማሳን፣ አዛውንትን ምን ያንቀሳቅሳል?"
ከአንድ እስከ ሰባት፣ ሰው ነጥብ ይሰጣል።
ለጤና? ለመልክ? ለደስታ? ለጓደኛ?
አራት ሣጥን አለ። አልሠራንም አምስተኛ።

ጡረተኛው ሾፌር፣ ኦይቫ ሳሪላ፣
"ጤናዬ የሐኪም ነው" አለኝ ፊቱ ሳይላላ፤
"መልኬ ዱሮ አለቀ፤ ጓደኛም አልሻም።"
አራቱንም "አንድ" አለ። ግቢም አላለኝም።

ክንዱ ላይ ያሰርኩት ሰዓት ግን ያወራል፦
ማለዳ ማለዳ ድልድዩን ይሻገራል፣
ቢያዳልጥ ይሄዳል፣ ቢጨልም ይሄዳል፣
ሦስት ኪሎሜትር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል።
እግሩ ሲቆም ነው ልቡ የሚሮጠው፤
መቶ ሃያ ይመታል። ምን አስደነገጠው?
ዳገት የለም እዚያ፤
ወይ ሩጫ፣ ወይ ግፊያ።
ፍቅር ነው አልኩኝ።
እውነት ለመናገር፣ ለጥናቱ ሳይሆን ለእሱ ደስ አለኝ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ተከተልኩት ርቄ።
ፌርማታው ሥር ቆሟል። ቆምኩ እኔም ተደብቄ።
አመዳይ ጢሙ ላይ፣ ዓይኑ ከጥግ ማዶ፤
ስምንት ቁጥር አውቶቡስ መጣ ጥሶ በረዶ።
"አራት ደቂቃ!" አለ። እጁ ተንቀጠቀጠ።
"ሠላሳ አንድ ዓመት ስነዳው፣ ከእጄ ያመለጠ
አንድ ደቂቃ የለም!"
ደብተር አወጣና በእርሳስ መዘገበ፤
እንደኔው ነው ለካ፣ ቁጥር የተራበ።

ዞር ሲል አየኝ። "አንቺስ?" አለኝ፣ "በዚህ ቁር
ምን አስወጣሽ? ስጪው፣ ከሰባቱ ቁጥር።"
"ሰባት" አልኩት።
ሣጥኑን አልነገርኩት።