መሪው ሲጎትት

ኦርቴንሲያ መጣች በጥቅምት መባቻ፣
ከመኪናው ሳትወርድ፣ በሩን ከፍታ ብቻ፦
«ስማ፣ ይሄ ፒካፕ ፊቱ ሰነፍ ሆኗል፤
የኋላው ይገፋል፣ የፊቱ ይመራል።
መምራትማ ማን ያቅተዋል!
አምና በየካቲት ድርቆሽ ጭኜ ስወጣ፣
ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ በረዶው ሲመጣ፣
ኋላው ጭቃ ሲረጭ ፊቱ ቆሞ አየ፤
የጎረቤት ትራክተር እስኪደርስ መሸ፣ ዘገየ።»

በጀርባዬ ተኝቼ ከሥሩ ገባሁ፣
ባትሪ አበራሁና ሆድ ዕቃውን አየሁ፦
ቀኝና ግራው ጎማ በየክንዱ የቆመ፣
አንዱ ጉድጓድ ቢገባ ሌላው ያልታመመ፣
ጎረቤት ሳይጠያየቅ የሚኖርበት ፎቅ።
«ይሄ ሁሉ» አልኳት «ብሎን ሳይቀር ይውለቅ።
በምትኩ ድፍን አክስል፣ ከጫፍ ጫፍ አንድ ብረት፤
ግራው ድንጋይ ሲወጣ ቀኙ የሚያዘነብልለት።»
«ስንት ነው?» አለች።
ነገርኳት።
ሞተሩን አጥፍታ ወረደች።

የጋራዡ ጌታ ሲልቬሪዮ፣ ሰማንያ ያለፈው፣
ከምድጃው አጠገብ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋው፣
«ባሌስትራ» ስል ይነቃል።
«ማን አስተማረህ?» ይላል።
ኮምቦልቻ ነው፤ ገና ኪያቤ አቀባይ ሳለሁ፣
ጋሽ ይማም ከኤንትሬ ሥር ሲጮህ እሰማለሁ፦
«ኩሽኔታ! ዳዶ! ሞርሳው የታል? አንተ ደንቆሮ!»
ሁሉም አማርኛ ነው ብዬ፣ ማን ጠርጥሮ፣
ስንት ዘመን ተናገርኳቸው፣ በነሱ እንጀራ በላሁ፤
ለካ ቃሎቹ አገራቸው ገቡ፣ እኔ እንግዳ ሆንኩ እዚሁ።
«ኩሽኔታ» ይላል ሽማግሌው፣ አፉ ውስጥ አገላብጦ፣
«ጭራዋን ለወጣችሁባት!» ይላል፣ ሳቁ አምልጦ።

አክስሉን ቶልሜዞ ከአሮጌ ብረት ሻጭ ገዛን።
ከፍተን ጥርሱን ስንቆጥር ወገባችንን ያዝን፦
የኋላው አርባ አንድ ባስር፣ የፊቱ ሠላሳ ዘጠኝ።
«ሁለት ጥርስ ምን ታመጣለች?» ብላ አፈጠጠችብኝ።
«ሁለት በሬ ባንድ ቀንበር፣ አንዱ ሮጦ አንዱ ሲዘገይ፣
የሚሰበረው ቀንበሩ ነው፤ በሬው አይደለም» አልኳት። «ወይ!»
አለችና ሄደች።
በሳምንቱ ጄሞና ድረስ ብቻዋን ነድታ፣
ጠመኔና ማስታወሻ ካፖርቷ ኪስ ከታ፣
ጎማውን አንድ ዙር አዙራ፣ ዘንጉን በጣቷ ቆጥራ፣
«አራት ዙርና ጭላጭ!» አለችኝ፣ ከደጅ ተጣርታ።

«በዚህ ገንዘብ አዲስ ትገዢ ነበር» አላት መንደርተኛው።
«የባሌን ዳሌ ቅርጽ የያዘ ወንበር ማን ሊያመጣው?»

ኅዳር አለቀ ስበይድ።
ሻንሲው ላይ እግር ተከልኩ፣ ባሌስትራው የሚሰቀልበት፤
በክር ለካሁ፣ በሜትር ለካሁ፣ ደግሞ በዓይን ጠረጠርኩት።
አንዱ ጎን አራት ሚሊ ሸሸ፤ በመጋዝ ቆርጬ ጣልኩት።
የፍሬኑ ቱቦ አጠረ፤ ረጅም አስመጣን።
የመሪው ዘንግ ከባሌስትራው ተጋጨ፤ አንድ ቀን አጣን።
ትራስሚሲዮኑ በስተመጨረሻ ቦታው ገብቶ ጠቅ ሲል፣
ሲልቬሪዮ ወንበሩን ወደ ክሪኩ አስጠጋ፣ ምንም ሳይል።

በመጀመሪያው በረዶ ወጣን። እሷ ነዳች።
ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ፍጥነት ቀነሰች፤
ሁለታችንም ዝም።
ትንሿን ማርሽ ሳበች፤ ከእግራችን ሥር ብረት ከብረት ሲገጥም
በወንበሩ በኩል ተሰማን።
ፊቱ አጎነበሰ፣ በረዶውን ነከሰ፣
ሣር እንደሸተተው ከብት ሽቅብ ገሰገሰ።
ግን ያነጥራል፤ ድሮ ለስላሳ ነበር፤
ድንጋይ በነካን ቁጥር ጥርሳችን ሲማከር!

የላይኛው በረት ደጅ አቆመች።
ድርቆሹን አወረድን፣ ጣቶቿን አሸች፣
«መሪው ከብዷል» አለች።
«ከብዷል» አልኳት፣
«መጎተት ጀምሮ ነዋ።»