ሁለቱም ጆሮ ይታይ

አራት አራት ጉርድ፣ ጀርባው ነጭ የሆነ፤
ማዘጋጃ ቤቱ እንደዚህ ወሰነ።
ማኅበር ለመሆን፣ ቦታ ለመጠየቅ
ፊት ቀጥ ብሎ ይነሣ፣ ጥርስ ሳይታይ፣ ሳይሳቅ፤
ከሁሉም በላይ
ሁለቱም ጆሮ ይታይ።

የየትምወርቅ ቤት በር በቀይ ቀለም ተሰረዘ፤
ሰኞ ዶዘር መጣ፤
ማክሰኞ ፍኖተ ሰላም ስትነቃ
በጓዳው በኩል እስከ ላህ ወንዝ ድረስ ይታይ ነበር።
ከዚያ ወዲህ አዝማሪዎቹ የሚገናኙት
ቻላቸው ወፍጮ ቤት ነው፤
ሞተሩ ሲበርድ፣ ቀበቶው ሲፈታ፣
የመጨረሻዋ ሴት በቆሎዋን አስፈጭታ
ስትወጣ፣ ማታ።

ለጀርባ የሚሆን ነጭ አንሶላ ይዤ ነበር።
ምን ሊረባ!
ግድግዳው ዱቄት፣ ማገሩ ዱቄት፣
የሸረሪት ድሩ እንኳ እንደ ሙሽራ ቬሎ ነጥቶ፤
አንሶላዬን አጥፌ፣ ጆንያ ላይ አንጥፌ፣ ተቀመጥሁበት።

መጀመሪያ ሽታዬ።
ሻሿን ፈታች፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ሰበሰበች፣
ጆሮዋ ባዶ።
"ጉትቻዬማ አግዳሚዎቹን ጭኖ ለመጣው ጋሪ ሄደ" አለችኝ
እንደ ዋዛ፣
ካሜራዬን እያየች፣ ሳትስቅ፣ ደንቡን ጠብቃ።

ቀጥሎ አንማው።
"ማሲንቆውን አስቀምጥ፤
ጉርድ ነው፤ ከትከሻ በታች ምንም አይገባም።"
አስቀመጠ።
ጣቶቹ ግን አልሰሙኝም፤
ጉልበቱ ላይ፣ ከፎቶው ክልል ውጭ፣
ግራው ሲጫን፣ ቀኙ ሲስብ፣
ሦስቴ ትከሻው እየተነሣ ፊቱ ደበዘዘብኝ።
"አትነቃነቅ እንጂ!"
"እኔ ምን አደረግሁ? ዝም ብዬ አይደል የተቀመጥሁ!"

የትምወርቅ አትዘፍንም፣ ከበሮ አትመታም፤
ሙያዋ ቤቱ ነው።
ነበር።
የዱቤ ደብተሯን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ተነሣች።
"ቤት ቢፈርስ ዕዳ አይፈርስ" አለችና ገልጣ አሳየችኝ፦
ከላይ ሦስተኛው እኔ፣
አራት ብርሌ፣ የጥቅምት ገብርኤል ለት።
የፎቶውን ዋጋ አልጠየቅኋት።

ሁሉም አለቀ ብዬ መብራቴን ልነቅል ስል
አንማው ማሲንቆውን ካስቀመጠበት አነሣ፤
ደጋኑ ሲያርፍበት ከጭራው ላይ ዱቄት በነነ፦

   ግድግዳና ማገር ፈረሱ ካላችሁ፣
   ጭራው ከእኔ ጋር ነው፣ ኑና ላስጋልባችሁ።

ጆንያ ላይ የነበረው ሁሉ ብድግ አለ።
ቻላቸው የወፍጮውን ሚዛን በመዳፉ ይመታል፤
ኪሎ የሚቆጥረው ቀስት
ዛሬ ገና እህል ሳይጫንበት ዘለለ።
እኔም አነሣሁ፣ ያለ ጀርባ፣ ያለ ልክ፤
ፍላሹ ከዱቄቱ ጋር ተገናኘና
የወጣው ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ፤
እዚህም እዚያም ጆሮ።

ሱቄ ውስጥ ጉርዶቹን በመቀስ ስከረክም አመሸሁ።
ከጠርዙ የወደቀው፦
የአንዱ ክርን፣ የደጋን ጫፍ፣
ከሽታዬ ኋላ ሊያጨበጭብ የተዘረጋ፣
የማን እንደሆነ ያላወቅሁት እጅ።
ፊቶቹን ማዘጋጃ ቤት ወሰደ፤
ጠርዞቹ የጫማ ካርቶን ውስጥ እኔው ጋ አሉ።

ዓርብ ጸሐፊዋ ደወለች፦
"አንደኛው ስቋል፤ እንደገና ይነሣ።"
ሄድሁ፣ ማታ፣ ወፍጮው ሲዘጋ፤
ካሜራዬን ይዤ።
ባትሪውን ግን፣ እንጃ፣
ሱቅ ረሳሁት።