አርባ በሺህ

አባቴ ነዚፍ የባሕር ኃይል ሳለ
ጠርሙስ በሽቦ አስሮ ቁልቁል እየጣለ
ከባሕር ሆድ ውስጥ ውኃ ይቀዳ ነበር።
ሙቀት በአንድ ዓምድ፣ ጨው በአንድ ዓምድ፤
ደብተሩ ዛሬም አለ፣ ከቁም ሳጥኑ ሥር።

«ላዩ ሠላሳ ነው፤ ትኩሳት እንዳለው ሰው።
ስትወርጂ ይበርዳል፣ ይበርዳል፣ ከዚያ
ሃያ አንድ ከግማሽ ላይ ይቆማል ጨርሶ።
ሺህ ሜትር ጨምሪ፣ ያው ነው፤
እስከ ወለሉ ያው ነው።
የሌላው ውቅያኖስ ታቹ በረዶ ነው፣
ይሄ ግን አይበርድም፤ ቂም እንደ ያዘ ሰው።

«ወንዝ አይገባበትም። ዝናብም ረስቶታል።
በጠባብ በር ገብቶ ሽቅብ ይጓዛል፤
ፀሐይ ውኃ ውኃውን ትወስዳለች፣ ጨዉን ትታ።
የከበደው ይሰምጣል፤
በገባበት በር፣ ከገቢው እግር ሥር፣
ሹልክ ብሎ ይወጣል።»

ጅማ ባሕር የላትም።
አዌቱ አለ፣ ቡናማ፣ የሳሙና አረፋ ያዘለ፤
ጊቤን፣ ኦሞን ብሎ ቱርካና ላይ ያልቃል፣
ትልቁን ውኃ በወሬ ብቻ ያውቃል።

በጥር፣ ሾፌሩ ሸረፋ ከጅቡቲ
ባሕር ይዞለት መጣ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ።
አባቴ አሸተተ። መለኪያውን ነከረ።
«ሠላሳ ሰባት» አለ። ፊቱ ተቀየረ።
«ከበሩ ውጭ ነው የቀዳኸው፤ የኔ ባሕር አይደለም።»

ሸረፋ ሳቀ፤ ባሕር ባሕር ነው አለ።
አባቴ ግን ጣሳ ውስጥ ገልብጦ
ከወጥ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ አወጣው።
ከሂርማታ ገበያ የሚመለስ ሁሉ
ሽማግሌ ያያል፣ መሰላል ላይ፣
ማታ ማታ ባሕር ሲለካ።
ሠላሳ ስምንት።
ሠላሳ ስምንት፣ ደመና ነበረ።
ሠላሳ ዘጠኝ ከምናምን።
ሰኞ ማታ ከጣሪያው ሥር «አርባ!» ብሎ ጮኸ፣
የጎረቤት ውሻ መለሰለት።

ጨዉ እሺ አለ። ሙቀቱ እምቢ።
የጅማ ንጋት በጥር አሥር አይሞላም፤
ወደ ጠርሙሱ መልሶ፣ በሹራብ ጠቅልሎ፣
እንደ ሕፃን አቅፎት ተኛ።

ጎህ ሲቀድ ገባሁ። ያንኮራፋል።
ክዳኑን ቀስ ብዬ ፈታሁ፣
ቴርሞሜትሩን ሰደድኩ፣
ጠበቅኩ።
ሠላሳ።

ደብተሩን ስቤ፣ ከመጨረሻው ጽሑፉ በታች
አንድ መስመር ዘልዬ ጻፍኩለት፦
ሙቀት፣ ሠላሳ። ጨው፣ አርባ በሺህ።
ቦታ፣ ጅማ።
ጥልቀት፣ ዜሮ።