መዝገብ የለም

እኔ የምሠራው ታች ነው፣ ከፍርድ ቤቱ እግር ሥር፣
ማሞቂያው ሌት ተቀን እንደ ወይፈን በሚያጓራበት ሰፈር።
ላይ ይፈረዳል፤ ወደ እኛ ይወርዳል ወረቀቱ፣
የቶሌዶ ጥፋት ሁሉ እኛ ጋ ነው ቤቱ።

ማክሰኞ ዕለት ትእዛዝ ወረደ፤ ሁለት መስመር፣ አንድ ፊርማ፤
«የቨርሊን ስቱክስ መዝገብ ይታሸግ፤ ከእንግዲህ ስሙ አይሰማ፤
እንዳልነበረ ይቆጠር።»
ዳኛዋ ልጅ ናት ገና፤
ጥፋቱ የተሠራ ቀን አልተወለደችምና።

መሰላል ወጥቼ አወረድኩት፤ አቧራው አስነጠሰኝ።
ሥራዬ ማሸግ ብቻ ነው፤ አንብብ ብሎ ማን አዘዘኝ?
አነበብኩት።
የካቲት፣ በረዶ። አንዲት ደረቅ ቼክ፤ አርባ ሦስት ዶላር፣
ለኤሌክትሪክ ማሞቂያ። ይኸው ነው፣ ሌላ የለም ምስጢር።
ፖሊሱ ከገጹ ዳር በእርሳስ የጫራት አለች፤
«ጋሪው ውስጥ ሕፃን ነበረች፤ እናቷ ስትያዝ አልነቃች።»

የቀረው እዚያ አልተጻፈም። ግን ያችን ሳጥን አውቃታለሁ፣
ከየሥራ ማመልከቻው ግርጌ፣ እኔም ሞልቻታለሁ፤
«ተፈርዶብዎት ያውቃል?»
ሠላሳ ሁለት ዓመት፣
ብዕሯ «አዎ» ላይ ሲደርስ ስንት ጊዜ እንደ ደነበረ፣
ስንቱ ቀጣሪ በፈገግታ «እንደውላለን» ብሎ እንደ ቀረ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባል የለ?
ባለሱቁ ሞቷል። ሱቁ ፈርሶ መኪና ይቆምበታል።
ያልረሳች ወጊዋ ናት።
እና እኔ፣ ከማክሰኞ ወዲህ።

ቀይ ቴፕ ጠመጠምኩ፤ ማኅተም መታሁ፤ ኮምፒውተሩ ጠየቀኝ፤
«ይጥፋ?» «አዎ።» ከሱ ጠፋ፤ እኔ ዘንድ ግን ቀረኝ።

ዓርብ መጣች። በመስኮቴ ጎንበስ ብላ፣ «ስሜን ፈልግ» አለች።
ፊደል በፊደል ጻፍኩት።
«መዝገብ የለም።»
«እስቲ ድገመው» አለች።
«መዝገብ የለም፣ እመቤት።»
«እርግጠኛ ነህ?»
አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ «ልጅቱስ? ደህና ናት?» ልላት፤
ግን ከየት ሰማሁ ልበል? እኔ የት አውቃት?
ምራቄን ዋጥኩና፣ «እርግጠኛ ነኝ» አልኳት።

ከኋላዋ፣ አግዳሚው ላይ፣ የሆስፒታል ደንብ ልብሷን እንደ ለበሰች፣
የመኪና ቁልፍ በጣቷ አንጠልጥላ፣
አንዲት ትልቅ ሴት ተኝታለች።