የፌሮ ራት

ከዚራ፣ ከኒሙ ጥግ፣ ካለችው ዳቦ ቤት፣
ዘበኛ ነኝ እኔ፣ ይኸው ስድስት ዓመት።
ሥራችን ሌሊት ነው፣ የእኔና የፌሮ፤
እሱ ጆሮ አቁሞ፣ እኔ አማርሬ ኑሮ።

ያረረው፣ ያልተነፋው፣ ሚዛን የጎደለው፣
ለገበያ የማይሆነው ለእኔና ለእሱ ነው።
ፉርኖ ነው፣ ነጭ ነው፣ እንደ ጥጥ ይቀላል፤
እኔ በሻይ ነክሬ፣ እሱ ሳያኝክ ይውጣል።

ሰው ግን መች ያስበላል!
ሙክታር የባጃጁ፣ ጎማውን እየነፋ፣
"አቦ፣ ስንት የውሻ ዓይን አለ በዳቦ የጠፋ!"
ወይዘሮ አስካለ ደግሞ ከመስኮት ብቅ ብላ፦
"የውሻ ሆድ ድንጋይ ይፈጫል፤ ተወው ይብላ!"
እኔ በሁለቱ መሐል፣ ቁራሹ በእጄ፤
ፌሮ በጅራቱ አቧራ ሲጠርግ ከደጄ።

ግንቦት ነው። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ፀሐይ
ሌሊት ይተፋዋል፤ ደመናም የለ በሰማይ።
ነጂብ ጋጋሪው ሊጡን በሳፋ አቡክቶ፣
ለአፍታ ጋደም አለ፣ በሩን ገርበብ ትቶ።
እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ ወንበሬ ላይ አሸለብኩ፤
የሳፋ ኳኳታ ሰምቼ ባነንኩ።

ፌሮ ቆሟል ፊቴ፣ ጢሙ በሊጥ ነጥቶ፣
ሽማግሌ መስሎ፣ በጥፋቱ ኮርቶ።

በሆዱ ሙቀት ውስጥ እርሾው ሥራ ያዘ
(ዘበኛው ቢያንቀላፋ እርሾ መቼ ፈዘዘ!)።
ሆዱ እንደ ከበሮ ሲወጠር፣ ሲነፋ፣
እግሩ እንደ ሰካራም መንገዱ ሲጠፋ፣
ሊያስመልስ ይታገላል፣ ምንም አይወጣውም፤
ዓይኑ ይጠይቀኛል፣ መልሱን ግን አላውቅም።

ሙክታርን ቀሰቀስኩ። ባጃጁ ሐዲዱን ዘሎ በረረ፤
ፌሮ ጭኔ ላይ፣ እንደ ሊጡ ራሱ፣ ክብደት እየጨመረ።
ሳቢያን፣ ዶክተር ሂክማ፣ በሌሊት ልብሷ በር ከፈተች፤
አፉን አሸትታ፣ "ጥሬ ሊጥ ነው፣ ሰክሯል" አለች።
ቱቦ በጉሮሮው፣ በረዶ ውሃ በቱቦ፤
ሙክታር ባትሪ ይዞ፣ ቃሉ ሁሉ "አቦ! አቦ!"

ሲነጋ ፌሮ አስነጠሰ።
ያኔ ነው የጠየቅኳት፦ "የተጋገረውስ? ዳቦውስ?"

"የበሰለ፣ ባዶ ዳቦ፣ ቁራሽ ቢቀምስ አይገድለውም፤
ዘቢብና ሽንኩርት አይኑርበት እንጂ። ዓይኑንም አያጠፋውም።
ግን ነጭ ዱቄት ሆድ ይሞላል እንጂ ገላ አይሠራም፤
ራት ብለህ አትቁጠረው፤ ብቻውን አያኖርም።
ስንት ዓመት በላው?"
"ስድስት።"
እጇን በፎጣ ስታደርቅ፣
ሸሚዜ እንዴት እንደሰፋኝ አየች፣ ምንም ሳትጠይቅ።

በሳምንቱ ከመጋላ ሁለት ቅቅል እንቁላል ገዝቼ፣
ከኒሙ ሥር ተቀመጥኩ፣ አንዱን ለእሱ ሰጥቼ።
ሳያኝክ ዋጠው። ከዚያ ዞሮ
የእኔን ያያል፣ አቁሞ ጆሮ።