አራተኛው ሥዕል

ሩቂያ ኦቾሎኒ በምትቸረችርበት ደጅ፣
ፍሬው አልቆ ቀረ ወረቀቱ በእጅ።
ጨምድጄ ልጥለው ስል አንዲት ዓይን አየችኝ፣
ከመነጽር ኋላ፣ ካልጠፋ ሰው እኔን፣ «አውጣኝ» ያለች መሰለኝ።
ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት፣ ጨዉን አራገፍኩ፤
የፈረንጅ መጽሔት ነው፣ ቋንቋውን ዘልዬ ሥዕሉን አነበብኩ።

አንደኛው፦ ሰውዬው ባርኔጣውን ደፍቶ፣
ሚስቱን ከጎን ጭኖ፣ ጢሙን አሹሎ፣ ጡሩምባውን ነፍቶ፣
ዶሮውን፣ ውሻውን፣ ፖሊሱን አባሮ፣
ይበራል በመንደር ደረቱን ወጥሮ።

ሁለተኛው፦ ጢስ። ከጢስ በቀር የለም።
ሠዓሊው ሰንፎ ነው፤ ሳቅኩ ግን፣ አልዋሽም።

ሦስተኛው፦ ከመኪናው ሆድ ሥር ሁለት እግር ወጥቷል፣
አንደኛው ባዶ ነው፣ ጫማው የት ጠፍቷል?
ሚስትዮዋ ጃንጥላ ይዛ ወዲያ ዞራለች፣
አንዲት ላም፣ እንደ ባለሙያ፣ ሞተሩን ታሸታለች።

አራተኛው የለም። ተቀድዷል።
የሌላ ሰው አሥር ሳንቲም ተቋጥሮበት ሄዷል።

ተመለስኩ ወደ ሩቂያ። «ቀሪውስ?» ስላት ሳቀች፣
«እኔ የምሸጠው ፍሬ ነው ልጄ፣ ወሬ አይደለም» አለች።
ከምድር ባቡር ቢሮ የተጣለ ክምር፣ በኪሎ ነው የገዛችው፤
የማን ፈረንጅ ሳቅ እንደነበር እንጃ፣ በሚዛን ግን መዘነችው።

ወሰድኩት ደቻቱ ማዶ፣ ለመካኒኩ ለዑመርዲን።
ጥቁር አውራ ጣቱን ሥዕሉ ላይ አሳርፎ፣ «አውቀዋለሁ» አለ፣ «እሱን!
ካራሊስ ነው፣ ግሪኩ፣ የዘይት ነጋዴው፤
አባቴ ነበር ያኔ መኪና አጣቢው።

«ሐረር ሊወጣ ተነሣ፣ እንደ ሙሽራ አጊጦ፣
ደንገጎን ሳያይ፣ እዚሁ ደቻቱ፣ ቀረ አሸዋ ውስጥ ተቀምጦ።
በግሪክ ሰደበው፣ በፈረንሳይ ለመነው፣ በአማርኛ አስገዘተው፤
ጎማው ወረደ እንጂ፣ አሸዋ በቋንቋ ይመለሳል ያለው ማነው?

«ሮብሌ መጣ ከግመሉ ጋር፣ ጨው አራግፎ ሲመለስ፣
ዞረ መኪናውን፣ ጥርሱን እየፋቀ፣ ቀስ በቀስ።
‹ምን ይበላል?› ‹ቤንዚን።› ‹ይጠጣል?› ‹ውሃ።› ‹ይተኛል?› ‹እንዳሻው።›
‹ወተትስ?›
ዝም አሉ።
‹እንግዲህ ገዝታችኋል፣ ምን ይደረጋል፣ እሰሩት› አለ፣ ገመዱን ፈታው።

«ግመሉ ሲጎትት፣ ካራሊስ ግን መሪውን አልለቀቀም፤
ክብር ነዋ! ጭራ ተከትሎ ይጠመዝዛል፣ ማን ሳቀ ብሎም አልጠየቀም።
ኋላ ጡሩምባውን ቢነፋ፣ ግመሉ ተጎለተ፣
‹ልትጫን ነው› ያሉት መስሎት፤ የመጋላ ሰው ሁሉ ተንከተከተ።»

«ላሟስ?» አልኩ። «መጽሔቱኮ የፓሪስ ነው፤ እዚህ የታለ ግመሉ?»
«ግመል መሳል አቅቶት ነው» አለኝ፣ «ቀላል መስሎሃል? ያ አንገቱ፣ ያ ከንፈሩ፣ ያ አመሉ!»

ሳቅን። ከዚያ ጣቱ ወረደ፣ ባዶው እግር ላይ ቆመ።
«ይሄ ግን የካራሊስ አይደለም» አለ። ድምፁ ጥቂት ደከመ።
«ባለመኪና መች ይገባል ከመኪና ሥር?
የአባቴ እግር ነው። የመጀመሪያ ጫማው ነበር።»

«አራተኛውስ?» አልኩት።
መፍቻውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ።
«አራተኛው አያስቅም። መኪናው ወጣ፣ ግመሉ ወጣ፣ ሰው ወደየቤቱ አመለጠ፣
ጨለማው ሲወርድ አንድ ልጅ ብቻ ተንበርክኮ፣
በባዶ እጁ ይጭራል፣ የጎማውን ዱካ ታክኮ።»

በእግሬ ተመለስኩ። ደቻቱ ደርቆ፣ አሸዋው ገና ይፋጃል።
ከአንዱ ጉድባ አፍ የአንድ ጫማ ጫፍ ይታያል፤
የላስቲክ ነው፣ የልጅ ነው፣ ጎርፍ ከየትም ያመጣዋል።
አላነሣሁትም።
ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ፤ እስከ ዛሬ ጨው ጨው ይላል።